«በዓይኔ ነው የምለካው» በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል? (ለምግብ ቪዲዮ)

የአቶቴዋ
ሰላም ለቤቱ። ከሀዋሳ ነኝ። አማቴ ምግብ ሲሠሩ እየቀረጽኩ ዩቲዩብ ላይ እለቃለሁ። ድምፁ አማርኛ ነው፣ ከሥር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አስገባለሁ፤ ከሚያዩት ብዙዎቹ ውጭ ተወልደው ያደጉ የሐበሻ ልጆች ናቸው። መክተፉ፣ ማቁላላቱ፣ መከለሱ እንደምንም ይጻፋል። የከበደኝ መጠን ነው። አማቴ በአንድ ወጥ ላይ ይሄን ሁሉ ይላሉ፦ «በግምት ነው»፣ «በዓይኔ ነው የምለካው»፣ «እጄ ያውቀዋል»፣ «ቆንጠር አድርጊበት»፣ «ጠብ አድርጊበት»፣ «ጨዉን እየቀመስሽ»፣ «እስኪበቃው»። መዝገበ ቃላት ስገልጥ ለግማሹ የሚሰጠኝ «ኤስቲሜት» የሚል ነው። የሕንፃ ጨረታ ነው እንዴ?

«ለምን አትመዝኚም» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። በርበሬውን ጨብጠው እጃቸው ድስቱ አፍ ላይ ሲደርስ «እማዬ፣ አንዴ ይቆዩኝ ልመዝነው» በሉና ከዚያ እንነጋገር።

እንግሊዝኛ አፉን የፈታ ሰው ምድጃ አጠገብ ቆሞ ምን ይላል? የምፈልገው እሱን ነው።

ቸለስ
«አይቦል ኢት» በይው፣ ተገላገይ።

የአቶቴዋ
የዓይን ኳስ?! ወጡ ውስጥ??

ሐይቅ ዳር ኩሽና
ቸለስ ልክ ነው፣ ግን እንዲህ በአጭሩ አይለቀቅም።

እዚሁ ሀዋሳ ሐይቁ ዳር ሆቴል ውስጥ አብሳይ ነኝ። የውጭ እንግዶች «አሠራሩን አሳየን» ስለሚሉ ኩሽና ገብተው አጠገቤ የሚቆሙበት ጊዜ አለ። ዓሳው ላይ ሚጥሚጣ ስነሰንስ አንዱ «ስንት ማንኪያ ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል፣ እኔ አፌን ሳልከፍት አብራው ያለችው «ሂ ጀስት አይቦልስ ኢት» ትለዋለች። ስላቅም ንቀትም የለበትም። እንደውም «ሰውዬው ማንኪያ አያስፈልገውም» የሚል አድናቆት ይሸታል። አሜሪካኖች ናቸው አብዝተው የሚሉት። እንግሊዞቹ ደግሞ «ባይ አይ» ማለት ይቀናቸዋል፦ «አይ ዱ ኢት ባይ አይ»። «አይ ሜዠር ዊዝ ማይ አይስ» ብትይ ማንም ይገባዋል፣ ግን ከአማርኛ እንደተገለበጠ ወዲያው ያስታውቃል።

ኩሽና ውስጥ ከሁሉም በላይ የምሰማው ግን ከዚህም የቀለለ ነው፦ «አይ ኔቨር ሜዠር»። ለክቼ አላውቅም፣ አለቀ። የአማትሽን ቪዲዮ መጀመሪያ ላይ ይሄን አንዴ ብትጽፊው ተመልካቹ ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉ በዚያ ልክ ይሰማዋል።

ደግሞ ተጠንቀቂ፣ አይቦል ሰው ላይ ሲያርፍ ማፍጠጥ ነው። «ሂ ዎዝ አይቦሊንግ ሚ» ያለሽ ሰው አንዱ ዓይኑን ተክሎበታል ማለት ነው። ስለዚህ ቃሉን ከሚለካው ነገር ጋር አያይዥው፤ «አይቦል ዘ ኦይል»፣ «አይቦል ዘ ዎተር»።

መምህር ከታቦር
ልጄ፣ እኔ አልስማማም። ያስተማርኩት እንግሊዝኛ ነው። «አይቦል» በግስነቱ ኢመደበኛ ነው፣ መዝገበ ቃላቱም ይህንኑ ምልክት አድርጎበታል። አማትሽ የተከበሩ እናት ናቸው፣ ከሥራቸው ግርጌ የሰፈር ቃል አይጻፍም። «ኤስቲሜት» ምን በደለ? «አፕሮክሲሜትሊ» ምን በደለ? አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ «ጌስ» እንዳትይ። ጌስ ማለት ሳያውቁ መላ መምታት ነው፤ ኤስቲሜት ግን በልምድና በዕውቀት ላይ የቆመ ነው። እኛ ሁለቱንም «ግምት» ስለምንላቸው ተማሪዎች ሲያምታቱ ኖረዋል።

ሜልቦርን ያለሁት
መምህር፣ ጌስ ላይ ያሉት እውነት ነው፣ እጄን አነሳለሁ። «ሺ ጌስስ ዘ አማውንት» ቢባል ሴትዮዋ ሙያ የላቸውም ማለት ነው የሚመስለው። ኤስቲሜት ላይ ግን ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቃሉ ንጹሕ ነው፣ ቤቱ ግን ሌላ ነው። እኔ እዚህ ኤስቲሜት የምሰማው መካኒክ የመኪናዬን ጥገና ዋጋ ሲነግረኝ ወይም ለድግስ ስንት ሰው ይመጣል ተብሎ ሲሰላ ነው። ምድጃ አጠገብ ቆሞ «አይ ኤስቲሜት ዘ ሶልት» የሚል ሰው ግን ገጥሞኝ አያውቅም፤ ወረቀትና እርሳስ የያዘ ይመስላል። «አፕሮክሲሜትሊ»ም እንዲሁ፣ ለመድኃኒት ብልቃጥ ያምራል። በአፍ የሚባለው «አባውት» ነው፤ «ራፍሊ»ም ይሄዳል።

ለአቶቴዋ፦ ቁጥር ካለሽ ግምቱን ከኋላው ማንጠልጠል ትችያለሽ። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ገደማ ሽንኩርት ቢሉሽ «አባውት ቱ ኪሎስ»፣ ወይም «ቱ ኪሎስ ኦር ሶ»፣ ወይም «ቱ ኪሎስ፣ ጊቭ ኦር ቴክ»። የመጨረሻው «ትንሽ ቢበዛም ቢያንስም ግድ የለም» የሚል ዘና ያለ መንፈስ አለው፣ ለእናቶች ንግግር ይስማማል። ግን እባክሽ የሽንኩርቱን ፍሬ ቆጥረሽ አትጻፊ። እዚህ ሱቅ ያለው አንድ ሽንኩርት እኛ ሰፈር ሦስት ይወጣዋል።

ቸለስ
መምህርን አታስቀይሟቸው። ግን «ዊንግ ኢት» የሚለውን ደግሞ አንዱ መጥቶ እንዳይመክርሽ ፈርቼ ነው፤ እሱ ሳይዘጋጁ እንደመጣ መወጣት ነው። ፈተና ሳያጠና የገባ ልጅ ነው ዊንግ የሚያደርገው። «ፕሌይ ኢት ባይ ኢር»ም ከሙዚቃ የመጣ ነው፣ ኖታ ሳያዩ በጆሮ መጫወት፤ አሁን «እንደ ሁኔታው እናየዋለን» ለማለት ይውላል፣ ለጨው አይሆንም። «ቦልፓርክ» ከቤዝቦል ሜዳ ነው፣ ለዋጋና ለቁጥር።

የአቶቴዋ
እሺ «አይቦል»ን ለዘይትና ለውሃ ይዣለሁ። ቆንጠር፣ ጠብ፣ ቸለስ፣ ነስነስስ? እነዚህን «ኤ ሊትል» ብዬ ማለፍ አልፈለግኩም፤ አማቴ አንዱን በሌላው ተክተው አያውቁም። ዘይት ላይ «ቆንጠር» ብል ይስቁብኛል።

ቸለስ
ስሜን ጠራሽኝ :) ይሄ የኔ ጉዳይ ነው።

ቆንጠር «ኤ ፒንች» ነው፣ በጣት የሚነሳ ደረቅ ነገር። ጨው፣ ኮረሪማ፣ መከለሻ። ፈረንጅም ሁለት ጣት ነው ሦስት ጣት ብሎ ይከራከራል፤ አብሳዮቹ «ስሪ ፊንገር ፒንች» ሲሉ ሰምተሽ ከሆነ በአውራ ጣት፣ በሌባ ጣትና በመሀል ጣት የሚነሳውን ነው፣ ያ ሞላ ይላል። ነስነስ «ስፕሪንክል»። ጠብ «ኤ ድሮፕ»፣ ጠብ ጠብ «ኤ ፊው ድሮፕስ»። ቸለስ የውሃ ከሆነ «ኤ ስፕላሽ ኦቭ ዎተር»፤ ቁሌቱ ሊይዝ ሲል የምትቸልሺው እሱ ነው። ዘይት በቀጭኑ እየዞረ ሲወርድ «ድሪዝል»። ከጠርሙሱ አፍ ግልግል እያለ ሲወጣ ደግሞ «ኤ ግለግ»፤ ድምፁን ነው የሰየሙት፣ እንደኛው። «ዳሽ» ለፈሳሽም ለደረቅም ይሆናል፣ ፈጠን ተደርጎ ጣል የሚደረግ ትንሽ ነገር ነው።

ቅቤ ላይ ሰዉ ይለያያል። እንግሊዞች «ኤ ኖብ ኦቭ በተር» ይላሉ፣ ጉብ ያለች ቁራጭ። አሜሪካኑ «ኤ ፓት» ካለሽ ጠፍጠፍ ያለች ትንሽ ቁራጭ ነው፣ ዳቦ ላይ የምትቀባ። ያንቺ አማት ንጥር ቅቤ በጭልፋ ከሆነ የሚያስገቡት ሁለቱንም ተዪ፣ «ኤ ሌድል» በይ፣ አትፍሪ። የሚያየው ሰው ልቡ ይደንግጥ እንጂ ልኩን ይወቀው።

ሐይቅ ዳር ኩሽና
ሎሚም አለ። አሞራ ገደል ሄዶ ዓሳ የበላ ሰው ያውቀዋል፣ ግማሽ ሎሚ ጭምቅ ተደርጎ ነው የሚበላው። «ኤ ስኩዊዝ ኦቭ ላይም»። ላይም ያልኩት አውቄ ነው። የኛ ትንሿ ሎሚ ለእነሱ ላይም ናት፤ ሌመን ካልሽ ቢጫዋን ትልቋን ይዘው ይመጣሉ፣ ግማሿን ከጨመቁት ዓሳው በኮምጣጣ ይሞታል።

እፍኝ
እኔ ደግሞ ስለ ስሜ ልጠይቅ። እፍኝና ጭብጥ አንድ ናቸው እንዴ ለእንግሊዝኛው?

ሜልቦርን ያለሁት
ለእነሱ ሁለቱም «ኤ ሃንድፉል» ነው፣ እዚያ ላይ ቋንቋቸው ከእኛ ይሰንፋል። ጨበጥ አድርጎ የያዘውን መለየት ካስፈለገ «ኤ ፊስትፉል» አለ፣ ግን ለምግብ ብዙም አይባልም። እንደ ሽሮ ያለ ነገር ላይ ሃንድፉል ብለሽ ቪዲዮው እጁን ያሳይ፣ ሥዕሉ ይሙላልሽ። ልጅ ላይ ከሆነ ደግሞ «ሂ ኢዝ ኤ ሃንድፉል» ማለት አስቸጋሪ ነው ማለት ነው፣ የኔ ታናሹ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ሲኒ! አማትሽ «አንድ የቡና ሲኒ በርበሬ» ካሉ እባክሽ «ዋን ካፕ» ብለሽ እንዳትጽፊ። ካፕ በምግብ አሠራር ጽሑፍ ላይ የታወቀ መለኪያ ነው፤ አሜሪካ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ እዚህ አውስትራሊያ 250። ያንቺ ሲኒ የዚያን ሲሶ ያህል ይሆናል፣ አንዳንዱ ሲኒ እንደውም ከዚያም ያንሳል። ያንን በርበሬ የጨመረ ቤተሰብ ሌሊቱን ውሃ ሲጠጣ ነው የሚያድረው። «ኤ ስሞል ኮፊ ካፕ» በይና ሲኒውን አንዴ በቅርብ አሳዪ፣ ቢቻል ውሃ ሞልተሽ ስንት ሚሊ እንደሚይዝ ጻፊበት። እሱን መለካት አማትሽን አያስቆምም፣ ማታ ብቻሽን ታደርጊዋለሽ።

ማንኪያም ወጥመድ አለው። የሾርባ ማንኪያ በአሜሪካና በእንግሊዝ 15 ሚሊ ነው፣ የአውስትራሊያው መለኪያ ማንኪያ ግን 20። የሻይ ማንኪያው የትም 5 ነው። ሞላ፣ ከመር ያለ ማንኪያ «ሂፕት» ነው፤ አሜሪካኖች «ሂፒንግ» ይሉታል። አፉ ላይ የተስተካከለው «ሌቭል»፣ ጎደል ያለው «ስካንት»። ስካንትን ውደጂው፣ «ጎደል አድርገሽ» ለሚለው ከዚህ የቀረበ አላገኘሁም።

መምህር ከታቦር
ስለ ካፑ የተናገርሽው ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ልጨምርበት። እነሱም ቢሆኑ እንዲህ ሆነው አልተፈጠሩም። የድሮ የእንግሊዝኛ የምግብ አሠራር ጽሑፎች «የእንቁላል ያህል ቅቤ»፣ «የዋልነት ፍሬ ያህል ቅቤ» እያሉ ነበር የሚያዙት። በአሜሪካ ማንኪያውና ካፑ አፉ ላይ ተስተካክሎ መለካት የተስፋፋው ፋኒ ፋርመር በ1896 እ.ኤ.አ. የምግብ አሠራር መጽሐፏን ካወጣች ወዲህ ነው። ስለዚህ አማትሽ «የእንቁላል ያህል» ካሉ እንዳለ ተርጉሚው፤ «በተር ዘ ሳይዝ ኦቭ አን ኤግ»። ዛሬም ይገባቸዋል፣ ለጆሮም ደስ ይላል።

አይቦልን በተመለከተ በጽሑፍ ሥራ ላይ አሁንም አልቀበለውም። በአማት አፍ የተነገረ ቃል ሆኖ ሲጻፍ ግን... ይሁን። ንግግር ንግግር መምሰል አለበት።

ቸለስ
መምህር «ይሁን» አሉ! ስክሪንሾት አድርጉልኝ።

የአቶቴዋ
መምህር እግዜር ይስጥልኝ፣ አማቴ በእርግጥም «የእንቁላል ያህል» ይላሉ።

ጨዉስ? «እየቀመስሽ» ለሚለው «አድ ሶልት ፎር ቴስት» የሚል ብዙ ቦታ አያለሁ።

ሐይቅ ዳር ኩሽና
«ፎር ቴስት» ሲባል «ጣዕም እንዲሰጠው» ነው የሚሆነው። ያ ደግሞ ጨው ምን ሊያደርግ ገባ የሚያሰኝ ነው። የሚባለው «ቱ ቴስት» ነው፦ «ሶልት ቱ ቴስት»፣ ለአፍሽ በሚጥምሽ ልክ። እንግዶቼ ሲያበስሉ እየቀመሱ የሚጨምሩትን «ቴስት አስ ዩ ጎ» ይሉታል፣ አማትሽ የሚያደርጉት እሱ ነው። መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ይልሳሉ፣ ዝም ይላሉ፣ እንደገና ቆንጠር ያደርጋሉ፣ አይደል? ያ ትዕይንት ላይ «ቴስት አስ ዩ ጎ» ብቻ ጽፈሽ እለፊው።

ዶሮ ወጥ ላይ ግን አስቢበት። ጥሬ ሥጋ ሲገባ ቅመሱ አይባልም። እናቶቻችን ቁሌቱ ላይ ነው ጨዉን የሚጨርሱት፣ ጽሑፉም እዚያ ላይ ይግባ።

እፍኝ
«እጄ ያውቀዋል»ን አልፋችሁት ሄዳችሁ።

ሜልቦርን ያለሁት
ያልፈነው ከባድ ስለሆነ ነው። ቅርቡ «አይ ጎ ባይ ፊል» ነው። ግን ፊል የሚዳሰስ ነገር ሲኖር የበለጠ ያምርበታል፤ ሊጥ፣ ቡኮ፣ ቆጮ። ድፎ ሲያቦኩ ዱቄቱን የሚያቆሙት እጃቸው ሲነግራቸው አይደል? እዚያ ላይ «ባይ ፊል» በትክክል ይገባል፤ «አድ ፍላወር አንቲል ኢት ፊልስ ራይት» ይላሉ ዳቦ ጋጋሪዎቹ ራሳቸው። በርበሬ ሲበትኑ «እጄ ያውቀዋል» ሲሉ ግን እንዳለ ብተረጉመው ነው የሚሻለኝ፦ «ማይ ሃንድ ኖውስ»። የተለመደ የእንግሊዝኛ አባባል አይደለም፣ ግን ማንም ይገባዋል፣ የእሳቸውም ድምፅ ይቀራል። ሁሉንም እነሱ እንደሚሉት ካደረግነው ቪዲዮው የኦሃዮ ሴትዮ ይሆናል።

መምህር ከታቦር
እዚህ ላይ በሙሉ ልቤ እስማማለሁ። ባለሙያዋ ለራሷ እጅ ያላትን ኩራት «ፊል» አይሸከመውም።

ቸለስ
እኔ ብሆን «ማይ ሃንድ ኖውስ»ን አንዴ ብቻ እጠቀማለሁ፣ ለቲሸርት እንዳይመስል።

ደግሞ ዳቦ ከተነሳ፣ ቤኪንግ ፓውደር የሚገባበት ነገር ስትለቂ ከሥሩ «ዶንት አይቦል ዚስ ዋን» ብለሽ ማንኪያውን ጻፊ። ፈረንጅ ወጥ በዓይን ይሠራል፣ ኬክ ግን በሚዛን ነው። «የእናትህን ቪዲዮ ብከተል ኬኬ ጠመመ» የሚል ኮሜንት ባለቤትሽ ያንብበው እንዴ?

የአቶቴዋ
ሃሃ እሱ ኬኩን ሳይጠምም በፊት ይጨርሰዋል።

የቀረችኝ «እስኪበቃው» ናት። ውሃም ላይ፣ እሳትም ላይ፣ ቅመምም ላይ ይሏታል። እና ደቂቃስ ልጻፍ ወይስ ይቅር?

ሐይቅ ዳር ኩሽና
ደቂቃው ይቅር፣ ቢያንስ ለጥራጥሬ። ሀዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሜልቦርን ባሕር ዳርቻ ላይ ናት፣ እዚያ 100 ይደርሳል። ያንቺ ባቄላ የሚፈጅበት ጊዜ የእሷን ያፈርሰዋል። «አንቲል ቴንደር» በይ፣ እስኪለሰልስ።

«እስኪበቃው»ን አንድ ቃል አትፈልጊላት፣ አማትሽ ዓይናቸው ምን ላይ እንዳለ እዪ። ውሃ ከሆነ ሥጋው እስኪሸፈን ነው የሚያዩት፣ «ኢናፍ ቱ ከቨር»። ቁሌት ላይ ዘይቱ ከሽንኩርቱ ተለይቶ ዳር ዳሩን ሲወጣ ነው፣ «አንቲል ዚ ኦይል ሴፓሬትስ»፤ ሕንዶች በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ይሄንኑ ነው የሚሉት፣ ውጭ ያደጉት ልጆች ከእነሱ ለምደውታል። ሽሮ ላይ ተክ ተክ ማለት ሲጀምርና ማንኪያው ጀርባ ላይ ሲይዝ ነው፣ «አንቲል ኢት ኮትስ ዘ ባክ ኦቭ ኤ ስፑን»፤ ለሶስ የሚሉት ነው፣ ለቀጭን ሽሮ ይሆናል፣ ለተጋቢኖ አይሆንም። ምንም የሚታይ ነገር ከሌለና ዝም ብለው «በቃው» ካሉ «አንቲል ኢት ሉክስ ራይት» በያትና ካሜራውን ድስቱ ላይ አቆይው።

የአቶቴዋ
ተጋቢኖው ነው የሚቀጥለው ቪዲዮ። ለእሱ ምን ልበል?

ሐይቅ ዳር ኩሽና
«ሲክ ኢናፍ ቱ ስኩፕ»። በእንጀራ ሲጠቀለል የማይፈስ። ከቻልሽ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ስታነሺ ቅረጪው።